ነቢዩ ስሟን ከየት አገኘው?

አክስቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ ትወጋለች። ባለፈው ጎረቤቷ ጎትጉታ አንድ ኮንፈረንስ ወሰደቻት፣ ነቢዩ (ስሙን አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም) ከዛ ሁሉ ሕዝብ መሀል በስሟ ጠርቶ አስነሳትና "ስኳር አለብሽ፣ ልጅሽ ደግሞ አረብ ሀገር ናት፣ ዛሬ አለቀ" አላት። በቃ ወደቀች። ማታ ቤቷ ስደርስ ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አውጥታ ልትጥለው ነው።

እኔም ጴንጤ ነኝ እኮ፣ ጌታ ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። ግን ስትገቡ ምን አስሞሏችሁ አልኳት። ለካ በር ላይ አስተናጋጆቹ ፎርም ሰጥተዋታል፣ ስም፣ ስልክ፣ የጸሎት ርዕስ፣ ስኳሩንም ልጅቷንም በገዛ እጇ ጽፋ ነው የገባችው!

ይሄ ጨዋታ ደግሞ የቆየ ነው። አሜሪካ ፒተር ፖፖፍ የሚባል ወንጌላዊ የማያውቀውን ሰው ስም፣ አድራሻ፣ በሽታ ሳይቀር ይጠራ ነበር፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ራንዲ የሚባል የምትሀት ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር ሬዲዮ መጥለፊያ ይዘው ገቡና በ39.17 ሜጋኸርዝ ላይ የሚስቱን ድምፅ ያዙት፣ ለካ እሷ ሕዝቡ የሞላውን ካርድ እያየች ጆሮው ውስጥ ባለው ማዳመጫ ትነግረዋለች። ቅጂው በቲቪ ወጣ፣ በዓመቱ ሰውዬው ከሰርኩ አለ። በኋላ ግን ተመልሶ በቲቪ የተአምር ውሃ ማደል ጀመረ፣ ሰው መቼም አይማርም።

ለአክስቴ ይሄን አልነገርኳትም፣ ብነግራት "ያ ፈረንጅ ነው" ትለኛለች። ሉቃስ 17ን ነው ያወጣሁላት፣ ጌታ አስሩን ለምጻሞች ሂዱ ለካህናት ራሳችሁን አሳዩ ነው ያላቸው፣ በዛን ጊዜ ለምጽ ዳነ አልዳነም ብሎ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበራ። እሱ ራሱ ይመርመር ካለ የኛ ነቢይ ምን ያስፈራዋል? አንቺም ተፈውሰሽ ከሆነ መለኪያው ይናገራል አልኳት።

የማታውን ሳትወጋ አደረች፣ እምቢ አለችኝ። ጠዋት ስኳሯን ለካን፣ 340፣ ሰማይ ነክቷል። ማሽኑን አገላብጣ አየችውና "ባትሪው ደክሞ ይሆናል" ብላ ሌላ ጣቷን ወጋች። 338። ምንም አላለችም፣ ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች።

ፎርሙ ላይ የሞላችው ስልክ ግን እስከዛሬ አላረፈም፣ ትናንት ማታ ራሱ "ፈውስሽን በዘር አጽኚ" የሚል ሜሴጅ ከነአካውንት ቁጥሩ ገባላት።