ናይስ፣ ጨዋ፣ የዋህ

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ብሎኛል። ዝናቡ ይሁን ሌላ ነገር፣ አልለየሁትም። ምሳ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ስለ አንድ ሰው ተጠይቃ «ናይስ ሰው ነው» ብላ ዝም አለች። ቃሉ አብሮኝ ቤት ገባ።

ናይስ ቡና፣ ናይስ ጫማ፣ ናይስ ልጅ። አዲስ አበባ ላይ እንግሊዝኛ የማይናገረው ሰው ሳይቀር ይላታል። አጀማመሯ ግን ሙገሳ አልነበረም። ስድብ ነበረች።

ምንጯ የላቲኑ «ኔስኪዩስ» ነው። «ኔ» ማፍረሻ ናት፣ «ስኪሬ» ማወቅ ነው። አንድ ላይ አላዋቂ ማለት ይሆናል። ሳይንስ የሚለውም ቃል ከዚያው ከስኪሬ ነው የሚወለደው። ሳይንስና ናይስ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ማን ይጠረጥራል? ፈረንሳዮች ቃሏን ለሞኝ ሰው ተጠቀሙባት። ከፈረንሳይ የተነሱት ኖርማኖች እ.አ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ በብዛት ገቡ። በ1300 አካባቢ እንግሊዝ አገር ናይስ መባል ጅል መባል ነበር። ከዚያ ትርጉሟ መንሸራተት ያዘ። ዓይን አፋር፣ መራጭ፣ ጥንቁቅ፣ ረቂቅ። ዛሬም እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች «ናይስ ልዩነት» ሲሉ፣ በቀላሉ የማይታይ ረቂቅ ልዩነት ማለታቸው ነው። ደስ የሚል ነገር መጠሪያ የሆነችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

«ሲሊ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። ድሮ ብሩክ፣ ደስተኛ ማለት ነበረች። የጀርመንኛ ዘመዷ «ዜሊግ» እስከ ዛሬ ብፁዕ ማለት ነው። እንግሊዞች ግን ብሩኩን የዋህ አሉት፣ የዋሁን ምስኪን፣ ምስኪኑን ደካማ። መጨረሻ ላይ ሞኝ አደረጉት። ይሄ ያሳዝነኛል። የተባረከ ሰው ምን ቢያደርጋቸው ነው?

እኛስ ብንሆን? ወንጌሉ «የዋሆች ብፁዓን ናቸው፥ ምድርን ይወርሳሉና» ይላል። እኛ ግን «የዋህ እኮ ነው» ስንል ድምፃችን ውስጥ ሐዘኔታ አለ። ማንም የሚያታልለው ሰው ማለታችን ነው።

«ጨዋ» ይበልጥ ይደንቀኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ጨዋ የንጉሥ ወታደር ነበር። ለቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ጨዋ ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልገባበት ነው። ለእናቴ ግን ጨዋ ልጅ ታላቁን የሚያከብር፣ አፉ የታረመ፣ ሰው ፊት የሚያኮራት ልጅ ነው። ያልተማረውና የታረመው አንድ ስም ይጋራሉ። ናይስ ከሄደችበት መንገድ ብዙም አይርቅም።

ደግነትና አለማወቅ ለምን እንዲህ ይጎራበታሉ? ክፉ ሰው ሁሉ ነቄ ነው፣ ደግ ሰው ሁሉ አልነቃም ብለን ነው እንዴ የምናስበው? ይሄ ነገር ውስጤን ይበላኛል።

እማማ ስለ አባባ ሲያወሩ ሁሌ «እሱማ የዋህ ነበር» ይላሉ። ቀጥለው ገንዘቡን ተበድረው ያልመለሱለትን ሰዎች በስም ይጠራሉ። ያ ሁሉ ሰው እንዳታለላቸው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አባባ ካረፉ በኋላ ግን ደብተራቸውን አይቼዋለሁ። በገዛ እጃቸው የተጻፈ ነው። የተበዳሪው ስም፣ ብሩ፣ ቀኑ። ሳይመልስ ድጋሚ የተበደረም አለ፣ ሁለቴም ተጽፏል። ማን እንደማይመልስ አሳምረው ያውቁ ነበር። እያወቁ ሰጡ።

እንዲህ ያለውን ሰው የዋህ ማለት ልክ አይመስለኝም። ናይስም አይበቃውም። እማማን «አባባን የዋህ አይበሏቸው» ማለት እፈልጋለሁ። ግን እሳቸው ያንን ቃል የሚሉት በፍቅር ከሆነስ? ወይስ እስከ ዛሬ ያልወጣላቸው ቂም አለ?