ድረ ገጻችን ስለ ጎብኚዎቹ ምን ያወራል?

አንድ አነስተኛ የጤና ምክር ማዕከል ድረ ገጹን እንዳድስለት ጠየቀኝ። ሰዎች ስለ ኤችአይቪ ምርመራ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ስለ ሱስ የሚያነቡበት ገጽ ነው። ዲዛይኑን ከመንካቴ በፊት ማንም አላፊ አግዳሚ ከውጭ ሆኖ ምን ማየት እንደሚችል ማወቅ ፈለግኩ። ስለዚህ ፓስዎርድ ሳልቀበል በተራ ብራውዘር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ማረፊያዬ የሮቦትስ ፋይል ነበር። ለጎግልና ለመሰሎቹ "እዚህ አትግቡ" የሚል ጽሑፍ ነው፤ ግን ማንም ከፍቶ ያነበዋል። የስታቲስቲክሱ ፎልደር አድራሻ እዚያው ተጽፏል። ገባሁ። የጠየቀኝ የለም። የሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚኖርበት ኮምፒውተር) ጥሬ መዝገብ፣ ማለትም እያንዳንዱን ጉብኝት በአንድ መስመር የሚጽፍበት ፋይል፣ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

አንዱን መስመር ቀስ ብዬ አነበብኩት። አይፒ አድራሻ፤ ጎብኚው ኢንተርኔት የገባበት መስመር ቁጥር ነው። ሰዓት 19፡40፤ ሰርቨሩ በግሪንዊች ስለሚቆጥር በእኛ ከምሽቱ 4፡40 ነው። የተከፈተው ገጽ የኤችአይቪ ምርመራ። ሊንኩ የተነካው ፌስቡክ አፕ ውስጥ ነው፤ አፑ የስልኩን ዓይነት ስለሚልክ ቴክኖ መሆኑ ከነሞዴሉ ሰፍሯል። ሌላው መስመር በሥራ ሰዓት የገባ ሰው ነው። አይፒውን የማን እንደሆነ ስፈልገው የአንድ ድርጅት ስም ወጣ። ጥቂት ሠራተኛ ባለበት ቢሮ ይሄ ከበቂ በላይ ፍንጭ ነው።

የማዕከሉ ኃላፊ ሲስተር መጀመሪያ "ስም እኮ የለውም" አሉኝ። መስመሮቹን አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ "ይሄ ዛሬውኑ ይዘጋ ልጄ" አሉ። ዘጋነው። አሁን መዝገቡ የአይፒውን መጨረሻ ቆርጦ ይይዛል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይጠፋል።

ቀጥዬ የብራውዘሩን የኔትዎርክ መስኮት፣ ገጹ ከየት ከየት ምን እንደሚያመጣ የሚያሳየውን፣ ከፍቼ ገጹን እንደገና ጫንኩት። ይሄን ማንም ሰው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ጎብኚው ከእኛ ጋር ብቻ አይደለም የሚገናኘው። ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ) ከጎግል፣ ቪዲዮው ከዩቲዩብ ይመጣል። የፌስቡክ ፒክሰል የሚባለው ገጹ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የመከታተያ ኮድ ደግሞ የትኛው ገጽ እንደተከፈተ ለፌስቡክ ይነግራል። ስለ ሱስ የሚያነብ ሰው ጉዳይ ማስታወቂያ ሻጭን ምን አገባው? በጣም ነው ያናደደኝ። ፎንት ራሱ የዋዛ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት የጎብኚውን አይፒ በፎንት በኩል ለጎግል ያሳለፈ የድረ ገጽ ባለቤት 100 ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ፈርዷል።

ፎንቱን ወደ ራሳችን ሰርቨር አመጣነው። ቪዲዮውም ጎብኚው ሲነካው ብቻ እንዲጫን ሆነ። ፒክሰሉ ግን አከራከረ። ማስታወቂያ የሚሠራው ልጅ "ያለሱ በጭፍን ነው የምንሠራው" አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ለጫማ ሱቅ የሚሆን ሁሉ ለጤና ገጽ አይሆንም ባይ ነኝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ነው የሚመድበው። ሲስተር ወደ እኔ አደሉ፤ ፒክሰሉ ወጣ።

ፎቶዎቹን የፈተሽኩት በመጨረሻ ነው። ብዙዎቹ በስልክ የተነሱ ስለሆኑ የጂፒኤስ ነጥብ ተሸክመዋል። አንዱ የቤት ለቤት ጉብኝት ላይ የተነሳ ነው። የታካሚዋ ፊት አይታይም፤ ቦታው ግን እስከ አጥር በሯ ድረስ ይገኛል። ኤግዚፍቱል በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሁሉንም አጸዳኋቸው። ፎቶ ሲጫን ሰርቨሩ ራሱ እንዲያጸዳም አደረግኩ፤ ሰው ሁልጊዜ ያስታውሳል ብዬ አላምንም።

የቀረው የቀጠሮ ቅጹ ነው። ስልክ ቁጥርንና የመጡበትን ምክንያት አንድ ላይ ይጠይቃል። ምክንያቱ ከቅጹ ወጥቶ ሰዎቹ ሲመጡ በቃል እንዲናገሩ ሲስተርን እያግባባሁ ነው።