ሻለቃ የተባለው አባ ኮዳ

በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ የዓሣ ማውረጃ መንደር የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ በተመደብኩበት ጊዜ፣ ከሠራተኞቹ ስም አስቀድሜ የለመድኩት የአንድ ወፍ ስም ነበር። ወፉ ከሞተ ቆይቷል፤ ሆኖም አጥማጆቹም ሆኑ ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ስለ እርሱ የሚያወሩት አምና ጡረታ እንደ ወጣ ባልደረባ ነው። ራሰ በራ፣ ጎባጣ አባ ኮዳ ሲሆን፣ የተጣለ መረብ ክንፉን ስለ ጎዳው ርቆ መብረር አይችልም ነበር። ንጋት ላይ ከሁሉም ቀድሞ ዳር ቆሞ ጀልባዎቹን ስለሚጠባበቅ «ሻለቃ» ብለው ሰየሙት።

በብለታ ሥራ ያረጁ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ደም የነካውን ቢላዬን ከነእጀታው ዋጠብኝ። ማግስቱን እዚያው አምጥቶ ተፋው፤ እኔ እንኳ እንደዚያ አጽድቼው አላውቅም» ብለውኛል። የማይፈጭለትን ነገር እያድበለበለ መልሶ የሚተፋ ወፍ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለማመን አልከበደኝም።

በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው በበዛበት ወቅት፣ ዓሣውን የሚረከበን ድርጅት ወፎች ወደ ማውረጃው ግቢ ጨርሶ እንዳይገቡ በደብዳቤ አዘዘ። ምክንያቱ ትክክለኛ ነበር። አባ ኮዳ ሙቀት ሲበረታበት በገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል፤ እግሩ ኖራ የተቀባ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። ያ እግር በረገጠው ጠረጴዛ ላይ ለገበያ የሚቀርብ ዓሣ ሊበለት እንደማይገባ ማንም ይስማማል። ግቢው በሙሉ በሽቦ ታጠረ፤ ወፎቹም ራቁ።

ደብዳቤው ያላሰበበት ነገር ግን ነበር። ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ አጥንቱ ተለይቶ የሚወጣው ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ጭንቅላቱ፣ አከርካሪው፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ተረፈ ምርት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሦስት ኩንታል ዓሣ በተበለተ ቁጥር ሁለት ኩንታል የሚጠጋ የሚጣል ነገር ይከማቻል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ይህን የሚበሉት ወፎቹ ነበሩ፤ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። ሳምንት ሳይሞላ ዝንቡ ፊት የማያስጠጋ ሆነ፤ ቀን ውሻ፣ ማታ ጅብ አጥሩን ይታከኩ ጀመር። ንጽሕናን ለመጠበቅ የወጣው መመሪያ ግቢውን ከበፊቱ አቆሸሸው።

መፍትሔው የመጣው ስለ ሻለቃ ከሚወራው ወሬ ነው። ሽማግሌዎቹ በቡና ላይ ሲያስታውሱ፣ ሻለቃ ከጠረጴዛ ላይ ዓሣ እየነጠቀ ስላስቸገረ ሴቶቹ ተረፈ ምርቱን ራቅ ብሎ ወደሚገኝ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየወሰዱ ይደፉለት እንደነበር፣ ሌሎቹም አባ ኮዳዎች ተከትለውት እዚያው ይውሉ እንደነበር ተናገሩ። እርሱ ሲሞት ወደ ድንጋዩ መመላለሱ ቀርቶ ሁሉም በየእግሩ ሥር መጣል ጀመረ። ለእኔ ይህ ወሬ የጠፋ የአሠራር ሥርዓት ነበር። ስለዚህ አጥሩን ወደ ጠረጴዛዎቹ ሰብስበን በላያቸው ላይ ወንፊት ሽቦ ዘረጋን፤ ተረፈ ምርቱም በእጅ ጋሪ ወደ ድንጋዩ እንዲሄድ አደረግን። ከመደፋቱ በፊት መንጠቆና የመረብ ክር እንዲለቀምለት ያሳሰቡት፣ የሻለቃን ክንፍ ያልረሱት አጥማጆች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ወፎቹ ሩቅ ቆመው አዩ፤ በማግስቱ ከቀትር በፊት ድንጋዩ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

በወሩ መጨረሻ በምልከው ቅጽ ላይ «ተረፈ ምርቱ የሚወገደው በማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «በአባ ኮዳ» ብዬ ሞላሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተደወለልኝ ጥሪ ጨዋና አጭር ነበር፦ የአባ ኮዳ የንግድ ፈቃድ ታድሶ እንደሆነ ኮፒው እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ።