ለመጽሔታችን ጸሐፊ እንፈልጋለን

በፓይተን (በኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ኮድ የምንጽፍ ልጆች በትርፍ ሰዓታችን የምናዘጋጀው የአማርኛ ቴክኒክ መጽሔት ጸሐፊ አጥሮታል። ክፍያ የለውም፤ ከወዲሁ ልናገር። የሚጻፍ ነገር ግን ሞልቷል! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ግን ብዙ ቦታ «ሀይሌ» ብሎ የፈለገ ሰው «ኃይሌ»ን አያገኝም፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሀን፣ ሐን እና ኀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። እናንተ እንዴት ፈታችሁት? ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ስትሆንስ ኮዳችሁ ምን ሆነ? እሱን ጻፉልን። ሁለት ገጽ ይበቃል። ኮዱ ይሥራ እንጂ አማርኛው ቢንገዳገድ አብረን እናቃናዋለን። እኔ በተለይ የጀማሪዎችን ጽሑፍ እወዳለሁ፤ የት ጋ እንደተቸገሩ ገና አልረሱትማ። ለሚቀጥለው እትም ሦስት ጽሑፍ ይጎድለናል።