ሃፈልን ሽቅብ በብስክሌት

ነሐሴ 15 ቀን፣ ማታ

እናቴ ከባሕር ዳር ደውላ የዕረፍት ቀኖቼን የት እንደማሳልፍ ስትጠይቀኝ፣ ብስክሌቴን ባቡር ላይ ጭኜ ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለው የሐይቅና የጫካ አገር እንደምሄድ ነገርኳት። «እዚያ ማን አለህ?» አለችኝ። ማንም የለኝም አልኳት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ታዲያ ማንን ልትጠይቅ ነው የምትሄደው?» አለች። በእኛ ቤት መንገድ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ ወይም ለሥራ ነው፤ ዘመድ ወደሌለበት አገር፣ ያውም በብስክሌት ላብ በላብ ሆኖ፣ ደርሶ መመለስ ለእሷ የጤነኛ ሰው ነገር አይደለም። እኔ የፈለግሁት ጸጥታ ነበር። ይህን ደግሞ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብባት ለምታድር እናት በስልክ ማስረዳት የሚቻል ስላልመሰለኝ፣ «ዝም ብዬ ነው» ብዬ አለፍኩት።

የምኖረው በርሊን ውስጥ ሽፓንዳው በሚባለው ሰፈር፣ ከሃፈል ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ነው። ወንዙን በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ እሻገረዋለሁ። ሰፊ፣ ዝግተኛ፣ የጭነት ጀልባ የሚመላለስበት ውኃ ነው። ምንጩ ከበርሊን በስተሰሜን፣ መክለንቡርግ ውስጥ፣ አንከርስሃገን ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ እንደሆነ፣ ከዚያም ሐይቅን ከሐይቅ እየሰፋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኤልበ ወንዝ ውስጥ እንደሚገባ ካወቅሁ ወዲህ፣ አንድ ቀን ሽቅብ ተከትዬው ለመሄድ አስቤ ነበር። ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየ ያደገ ሰው የወንዝ መነሻ ነገር ሳይከነክነው አይቀርም መሰለኝ።

ነሐሴ 12 ጠዋት ከባቡር የወረድኩት ፉርስተንበርግ ላይ ነው። ከተማዋ በሦስት ሐይቆች መካከል የተቀመጠች፣ ለዓይን የምታምር ናት። ነገር ግን የብስክሌቱ መንገድ ከከተማዋ ትንሽ ራቅ እንዳለ በራቨንስብሩክ አጠገብ ያልፋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተውና ከ100,000 የሚበልጡ ሴቶች የታጎሩበት የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ነበረ። የተቃጠሉት ሰዎች አመድ የተደፋው ፊት ለፊት ባለው ሐይቅ ውስጥ ነው። ከብስክሌቴ ወርጄ ዳር ቆምኩ። ውኃው ምንም አይንቀሳቀስም፤ ከማዶ የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያል፤ አንዲት ዳክዬ ብቻ ውኃውን እየሰነጠቀች ታልፋለች። ጸጥታ ፍለጋ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ጸጥታ ያገኘው እንዲህ ባለ ስፍራ መሆኑ ለረጅም ሰዓት አብሮኝ ተጓዘ፤ ከዚያ በኋላም ዝም ያለ ቦታ በደረስኩ ቁጥር፣ ይህ ዝምታ ከየት መጣ እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

ከፉርስተንበርግ እስከ ቬዘንበርግ ያለው መንገድ ቀላል ነበር። ከቬዘንበርግ በኋላ ግን አስፋልቱ እየሳሳ ሄዶ፣ ከምሥራቅ ጀርመን ዘመን የቀረ የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ድርድር ተተካ። ጠፍጣፋዎቹ በሁለት ረድፍ ለትራክተር ጎማ እንዲመቹ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ሣር በቅሏል። ሰው ከሁለቱ ረድፎች አንዱን መርጦ ነው የሚነዳው። ጎማው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ «ድው» ይላል፤ ከኋላ ጎማው ደግሞ ሌላ «ድው» ይከተላል። ድው ድው፣ ድው ድው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይህ ድምፅ ከራሴ የልብ ምት ጋር አንድ ሆኖብኝ ነበር። ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ካቴናው እንኳ ጠዋት በደንብ ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ዝም ብሏል።

የማያስወድደው አሸዋው ነው። ይህ አገር በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ እየገፋ ያመጣውና ሲቀልጥ ያራገፈው አሸዋ የተነጠፈበት ነው፤ ሐይቆቹም የዚያው በረዶ ቅሪት ናቸው። ይህን በትምህርት ማወቅና በሁለት ጎማ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥድ በተተከለበት አንድ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዬ ድንገት እስከ ግማሽ ሰጠመና መሪው ከእጄ ወጣ፤ እኔም በግራ ጎኔ ተዘረርኩ። ጉዳት አልደረሰብኝም፤ የያዝኩት ቆሎ ግን ከፌስታሉ አምልጦ በጥዱ ቅጠል ላይ ተበተነ። የፍልሰታ ጾም ላይ ስለነበርኩ ስንቄ እሱና ዳቦ ከቲማቲም ጋር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ተንበርክኬ ከጉንዳኖቹ ጋር እየተሻማሁ ገብሱን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ያን ጊዜ ሰው ቢያልፍ ምን እንደሚል አላውቅም። ግን ማንም አላለፈም። ከረፋዱ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም መኪና አላየሁም ነበር።

መክለንቡርግ የሚገኝበት ክፍለ አገር በጀርመን ውስጥ ሕዝብ በጣም የሳሳበት ነው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሰባ ያህል ሰው ብቻ ይኖርበታል። እኔ የነዳሁበት የሙሪትስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ ይህም ብዙ ነው። 322 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1990፣ ማለትም ምሥራቅ ጀርመን ከካርታ ከመጥፋቷ ሁለት ቀን ብቻ ቀደም ብሎ ነው። የምትፈርስ አገር በመጨረሻ ሰዓቷ ጫካዋን ለማዳን መፋጠኗ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ስንት አገር ሲፈርስ ጫካው ቀድሞ ይቆረጣል። ነገር ግን የሚጠበቅ ጫካ የተገኘበትም የራሱ ምክንያት አለው። ለብዙ ዓመታት የምሥራቅ ጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቪሊ ሽቶፍ፣ ሽፔክ ከምትባለው መንደር አጠገብ የአደን መኖሪያ ነበራቸው፤ ዙሪያው የመንግሥት የአደን ክልል ተብሎ ለተራው ሰው ተዘግቶ ቆየ። ሌላውም ክፍል የጦር ሠራዊት መለማመጃ ነበር። ሰው እንዳይደርስበት የተደረገው ለዛፉ ታስቦ አይደለም፤ ዛፉ ግን ተጠቀመ። ዛሬ እኔ በነፃ የምነዳበት ጸጥታ እንዲህ ተጠራቅሞ የቆየ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ምንጩ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በአንዲት መንደር ጫፍ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ያስቆመኝ ከአንድ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት የቆመ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ገና ከሩቅ አውቄዋለሁ፦ ኢፋ። ግንባሩ ጠፍጣፋ፣ መብራቶቹ ክብ፣ ጋቢናው አጭር። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በደርግ ዘመን ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ያመላለሰበት መኪና ይኸው ነው። ልጅ ሳለን የምናየው ብቸኛ ፎቶው ላይም አንድ እግሩን የኢፋ መርገጫ ላይ አድርጎ ይታያል። ብስክሌቴን ግንብ ላይ አስደግፌ መኪናውን ዞርኩት። ሰማያዊ ቀለሙ ከጭቃ መከላከያው ላይ ተልጦ ዝገቱ ይታያል፤ ከፊት ያለው የፋብሪካ ምልክት ግን በቅርቡ ተወልውሏል።

ባለቤቱ ከመጋዘኑ ወጡ፤ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቱታ የለበሱ ሰው ናቸው። በዚህ አገር አንዳንዴ ከመንደር ሰው ጋር የመጀመሪያው ቃል እስኪወጣ ድረስ ልብ ይሰቀላል፤ እኔ የምፈራው ጥያቄም «ከየት ነህ?» የሚለው ነው። ጠየቁኝ፤ ከኢትዮጵያ አልኳቸው። ሰውዬው ለአፍታ አዩኝና፣ «ቡና!» አሉ። እንደቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን የምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ሲነካ መንግሥታቸው በውጭ ምንዛሪ መግዛት አቅቶት፣ ግማሽ ያህሉ ሌላ ነገር የሆነ ድብልቅ ቡና ለሕዝቡ ማቅረቡን፣ እናታቸው ያንን ጠጥተው «ይህስ ለአሳማ ነው» ማለታቸውን ነገሩኝ። ቀጥሎ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ሆነ፤ ከእኛ ቡና፣ ከእነሱ መሣሪያና መኪና። «እኔ የእናንተን ቡና ጠጣሁ፤ እናንተ የኛን ቬ 50 ነዳችሁ» አሉኝ፤ ኢፋውን ማለታቸው ነው። ስለ መሣሪያው ሁለታችንም አላነሣንም። አጎቴ የጫነው ምን እንደነበር ዛሬም ድረስ ጠይቄው አላውቅም።

ኢፋው የተሠራው ከበርሊን በስተደቡብ ሉድቪግስፌልደ ላይ ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አምርቷል። ይህን ሁሉ እየነገሩኝ ሳሉ ድንገት ጋቢናው ውስጥ ገቡና ሞተሩን አስነሡት። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ሳለ፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋና ያዘ። የመንደሯ መስኮቶች የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። ከሁለት ቀን ድው ድው በኋላ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰውነትን ሁሉ ይመታል። በመጋዘኑ አጠገብ ባለው ምሰሶ ጫፍ ላይ ትልቅ የሽመላ ጎጆ ነበር፤ ወፎቹ እንዳይደነግጡ ብዬ ቀና አልኩ። ሰውዬው አይተውኝ ሞተሩን አጠፉና፣ «ሄደዋል፤ አራት ቀን ሆናቸው» አሉኝ። የዚህ አካባቢ ሽመላዎች በምሥራቁ መንገድ፣ በቦስፎረስና በእስራኤል አድርገው የናይልን ሸለቆ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ጊዜዋን የምታውቅ ወፍ ናት። ማን ያውቃል፣ እናቴ ከእነሱ አንዷን ከእኔ ቀድማ ታያት ይሆናል።

ምንጩን በተመለከተ ብዙ የምጽፈው የለኝም። በዛፎች መካከል ያለ ረግረግ ነው፤ ምልክት ባይቆምለት ማንም አያውቀውም። ጠበል የሚቀዳ፣ የሚሳለም ሰው የለም። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ይኸው ነው።

ሙሪትስ ሐይቅ ላይ የደረስኩት ትናንት ማታ ነው። 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ሙሉ በሙሉ በጀርመን ወሰን ውስጥ ካሉ ሐይቆች ትልቁ ነው፤ ስሙም በድሮው የስላቭ ቋንቋ ትንሽ ባሕር ማለት ነው ይላሉ። ጣና ከሃያ እጥፍ በላይ ይሰፋዋልና እኔን በስፋቱ አላስደነቀኝም፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው ግን ከጣና ጥልቅ ቦታ በእጥፍ ገደማ ይጠልቃል፤ ይህን ስሰማ ትንሽ ቅር አለኝ። ዛሬ ቫረን ከተማ ወደብ ላይ ባቡር እስኪደርስ ስጠብቅ የተጠበሰና በጭስ የታጠነ ዓሣ ሽታ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከራሴ ጋር አድርጌ፣ ተሸናፊው እኔ ሆንኩና የቀረኝን ቆሎ በላሁ። አሸዋ አለበት።

እናቴ ያን ጊዜ ደወለች። «እሺ፣ ማንን አገኘህ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አለ። «ኢፋ አገኘሁ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ምን ዓይነት ኢፋ?» አለች። ፎቶዎቹን ላክሁላት። ባቡሩ ውስጥ ብስክሌቴን አስሬ ሳልጨርስ፣ አጎቴ ራሱ በልጁ ስልክ የድምፅ መልእክት ላከ። ድምፁ ሸምግሏል። የሰውዬውን ጤንነት፣ የመኪናውን ቀለም፣ የጎማውን ሁኔታ ጠየቀኝ፤ በመጨረሻም፣ «ሞተሩ ይነሣል?» አለ።

ተነሥቷል፣ ሰምቼዋለሁ ብዬ መለስኩለት። ወዲያውኑ ሌላ መልእክት መጣ፦ «ድምፁን ቀርጸህልኛል?»

ፎቶዎቹን በሙሉ ደጋግሜ አየኋቸው። የፊት ምልክቱ አለ፣ ጋቢናው አለ፣ ባዶው ጎጆ አለ፣ ሰውዬው በመስኮት ብቅ ብለው እየሳቁ አሉ። ድምፁን አልቀረጽኩም።