ሌጎስ ውስጥ ፀጉር የሚቆርጥ አልነበረም?

ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁንም ግን ያ ሪፖርት የሆነ ቦታ ተጠቅሶ ሳየው ያንገበግበኛል።

2011 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ አነስተኛ የጥናት ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ተንታኝ ነበርኩ። የተሰጠኝ ሥራ የኢትዮጵያን፣ የኬንያን፣ የጋናንና የናይጄሪያን የአገልግሎት ዘርፍ ምርት ጎን ለጎን አስቀምጦ ዓመት በዓመት ማነጻጸር ነው። ቁጥሩን ሰበሰብኩ፣ ወደ ዶላር ቀየርኩ፣ አራት መስመር ያለው ግራፍ ሠራሁ። የሌሎቹን አገሮች ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የናይጄሪያ መስመር እስከ 2009 ቀስ እያለ ይወጣል። 2010 ላይ ሽቅብ ይተኮሳል። አለቃዬ ይህንን ሲያይ ፊቱ በራ። ወዲያው ርዕስ አወጣለት፦ «ናይጄሪያ አገልግሎትን በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ አሳደገች፤ እኛስ?» እኔም ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር።

ጽሑፎቻችንን የሚገመግሙልን አንድ አንጋፋ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ስታቲስቲክስ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ 2009 ላይ ሌጎስ ውስጥ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው አልነበረም?» አሉኝ።

«ኧረ ነበር፣ ጋሼ።»

«ሞባይል የሚጠግንስ?»

«እሱም ይኖራል።»

«ፊልም የሚሠራ፣ ሲዲ የሚያዞር?»

«ይኖራል።»

«ታዲያ እዚህ ላይ የት ሄደው ነው?» ጣታቸውን 2009 ላይ አደረጉ። «በዓመቱስ ሁሉም ተሰብስበው ከየት መጡ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ጣታቸውን ሳያነሱ ጠበቁኝ። ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ናይጄሪያ ጂዲፒዋን፣ ማለትም ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷን፣ ስታሰላ የኖረችው በ1990 መነሻ ዓመት ነው፤ የየዘርፉ ክብደት የሚለካው ኢኮኖሚው በዚያ ዓመት በነበረው መልክ ነው ማለት ነው። 2014 ላይ መነሻውን ወደ 2010 አመጣችው። የ2013 ጂዲፒዋ በ89 በመቶ ከፍ ብሎ 510 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ደቡብ አፍሪካን በለጠች። ከ30 በመቶ በታች የነበረው የአገልግሎት ድርሻም ከግማሽ አለፈ። እስቲ 1990ን አስቡት። ናይጄሪያ የሞባይል ፈቃድ የሸጠችው 2001 ላይ ነው። 2013 ላይ የሚሠሩት መስመሮች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የፊልም ኢንዱስትሪዋ ኖሊውድም የገነነው ከ1990 ወዲህ ነው። በድሮው ሚዛን እነዚህ ወይ ጭራሽ አይታዩም፣ ወይ ኢምንት ናቸው። እኔ የድሮውን ስሌት እስከ 2009 ወስጄ፣ ከ2010 ጀምሮ አዲሱን ቀጠልኩበት። በመሃል ሚዛኑ መቀየሩን አላየሁም። ጋናም 2010 ላይ መነሻዋን ከ1993 ወደ 2006 ስትቀይር ጂዲፒዋ 60 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር። የኬንያ ደግሞ 2014 ላይ 25 በመቶ። የሦስቱንም አልጠየቅኩም።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «መርካቶ ለጥናት ስንሄድ፣ ሊስትሮው ግብር ሊያስከፍሉኝ መጡ ብሎ ሳጥኑን ይዞ ይሮጥ ነበር» አሉኝ። «ማታ ቅጻችን ላይ የለም። እሱ ግን ሲሠራ ነው የዋለው።»

እናቴ እኔን ያስተማረችው መንገድ ዳር የጀበና ቡና እየሸጠች ነው። እሷ በየትኛው ሠንጠረዥ፣ በየትኛው ረድፍ እንደምትገኝ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ ሳስበው አደርኩ።

በማግስቱ የኛንም መስመር በዚያው ዓይን አየሁት። መጨረሻው ላይ ጋደም ይላል። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ላይ ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ እንዲረክስ ተደርጎ ነበር። ያን ቀን ታክሲው አልቆመም፤ ፀጉር ቤቱም አልተዘጋም። በዶላር ሲመነዘር ግን ዘርፉ ያነሰ ይመስላል።

ሁለቱንም ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። የብሩን ስነግረው «ጎበዝ! ይሄማ መስተካከል አለበት» አለ። የኛ መስመር በቋሚ ዋጋ፣ ማለትም የዋጋ ንረቱ ወጥቶለት፣ ተሠርቶ በአንድ ዓመት ምንዛሪ ብቻ እንዲቀየር አዘዘኝ። ወደ ናይጄሪያ ስሻገር ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ቁጥሩን ያወጣው የራሳቸው መንግሥት አይደል?»

«ነው፤ ግን ሁለት የተለያየ ስሌት ነው የተቀጣጠለው።»

«እኛ ማን ሆነን ነው የምንቀይረው?»

«ቢያንስ የግርጌ ማስታወሻ እናድርግበት።»

«ግራፉን ያቆሽሸዋል፣ ተወው።»

ተውኩት። ሪፖርቱ ታተመ፤ ርዕሱም እንዳለ ወጣ። የኛ መስመር በቋሚ ዋጋ፣ የሌሎቹ በየዓመቱ የገበያ ዶላር፣ አንድ ግራፍ ላይ። ለማነጻጸር የተሠራ ሥራ ከመጀመሪያው ረቂቅ ብሶ ወጣ ማለት ነው። የአዘጋጆች ዝርዝር ውስጥ ስሜ አለ። ጋሼ አንድ ቅጂ ተሰጣቸው። ቆመው ገለጡት፣ ግራፉ ጋ ሲደርሱ አጠፉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ለግምገማ አልተጠሩም። እኔም ደውዬ አልጠየቅኳቸውም። ይሄኛው ነው ከሁሉም የሚቆጨኝ።

ባለፈው ዓመት፣ አሁን የምሠራበት ቦታ፣ አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ያንኑ ግራፍ ምንጭ ብላ ይዛልኝ መጣች። ጣቴን 2009 ላይ አደረግኩ።

«ሌጎስ ውስጥ ያኔ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው አልነበረም?»

ትንሽ አሰበችና «አልተቆጠሩም ነበር ማለት ነው?» አለች። ከእኔ ፈጠነች። «እሺ፣ ከተቆጠሩ ስንት ይሆናሉ?»

እኛ የምናደርገውን ነገርኳት። አዲሱን የ2010 ቁጥር ይዘን፣ በድሮው ስሌት የዕድገት መጠን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። መስመሩ ያኔ አይዘልም።

«ያልተቆጠሩት ከተቆጠሩት እኩል እንዳደጉ ግን በምን አወቅን?»

ሞባይሉ ብቻ ትዝ አለኝ። በዚያ ፍጥነት ያደገ ነገር፣ በሌላው ዘርፍ ዕድገት እንዴት ወደ ኋላ ይመለሳል? እየተጠቀምኩበት ስንት ዓመቴ ነው፤ ይህንን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ወንበር ሳብኩላትና ፋይሉን ከፈትነው። ከ2001 ጀመርን።