ቅጽል ስም

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሁድ የልደት ካርዷን ስንፈልግ፣ ከቁም ሳጥን አናት ላይ ያወረድነው ካርቶን ውስጥ የኔ ኦቶግራፍ ተገኘ። የልደት ካርዱ እዚያው ተረሳ። መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ ማንበብ ጀመረች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ኦቶግራፍ ማለት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ለጓደኞቹ እያዞረ የሚያስሞላው ደብተር ነው። በየገጹ ጥያቄ አለ። ሙሉ ስም፣ ቅጽል ስም፣ የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ትምህርት፣ የማትረሳው ቀን፣ ወደፊት መሆን የምትፈልገው፣ ለእኔ ያለህ አስተያየት። ጓደኛህ ቤቱ ይዞት ያድርና በማግስቱ በአበባ ሥዕልና ቀስት በወጋው ልብ አሳምሮ ይመልስልሃል። እኛ ጋ ጋዋን ለብሶ ፎቶ መነሳት፣ ሸሚዝ ላይ መፈራረም የሚባል ነገር አልነበረም። ማትሪክ ተፈትነን ተበተንን፣ አለቀ። ምረቃችን ይቺ ደብተር ነበረች።

የኔዋ የ1988 ዓ.ም. ናት። 31 ልጅ ሞልቶባታል። ችግሩ ግን ሁሉንም አንድ ሰው የሞላው ይመስላል። የሚወዱት ቀለም ሰማያዊ። መሆን የሚፈልጉት ዶክተር። አስተያየታቸው «ጠባይህ ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥል»። ልጄ አምስት ስድስት ገጽ ካነበበች በኋላ ቀና ብላ፣

«አባዬ፣ ተኮራርጃችሁ ነው እንዴ የሞላችሁት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቆጠርናቸው። ከ31 ልጅ 19ኙ ዶክተር መሆን ይፈልጋል። የተሳካለት አንድ ነው፤ እሱም የእንስሳት።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። አበባ የለውም፤ ልብ የለውም። ቀጥ ቀጥ ያለች የእጅ ጽሕፈት ብቻ። ስሙን ጮክ ብላ አነበበችልኝና «ይሄስ ማነው?» አለች። ስሙን ደጋግሜ አልኩት። ምንም አልመጣልኝም። «ቆይ፣ ትዝ ይለኛል» ብዬ ገጹን ገለጥኩባት።

ማታ ግን አልተኛሁም። እኔ የማስታውሳቸው ልጆችና ደብተሩ ውስጥ ያሉት ልጆች አንድ አይደሉም። ስለዚህ ያኔ ማንም ያልጠየቀውን ልሙላላቸው። በቅጽል ስማቸው ነው የምጠራቸው፤ በሌላ ስም ጠርቻቸውም አላውቅ።

ሎጋሪዝም የሚወደው ትምህርት «ስፖርት» ብሎ ጽፎልኛል። ማሾፉ ነው። በሒሳብ እሱን የሚስተካከል አልነበረም። ቤታቸው መብራት ስላልነበረ ማታ ማታ መንገድ ዳር ምሰሶ ሥር ቆሞ ነበር የሚያጠናው። በቴሌቪዥን የሚያስተምረው ፕላዝማ የሚባለው ገና አልመጣም፤ ለብዙዎቻችን አስተማሪው እሱ ነበር። ሲያስረዳህ «ገባህ?» ይልሃል። አፍረህ «አዎ» ካልክ፣ ዓይንህን አየት ያደርግና ዝም ብሎ ሰሌዳውን ያጠፋዋል። እንደገና ከሀ። አንድ የትሪጎኖሜትሪ ጥያቄ አራት ጊዜ አጥፍቶ ጽፎልኛል። አንዴም አልተቆጣም። አሁን እንኳ ለልጄ ሒሳብ ሳስረዳ ቶሎ እበሳጭና እሱ ትዝ ሲለኝ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

አጤሬራ ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። አጤሬራ ለፈተና ተደብቆ የሚገባ ቁራጭ ማስታወሻ መሆኑን የዛሬ ተማሪ ሳያውቅ አይቀርም፤ ሙያው አልጠፋም። የእሱ ግን ጥበብ ነበር። የወረቀቱ ስፋት ከአውራ ጣት አይበልጥም። እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። የባዮሎጂ አንድ ምዕራፍ ሙሉውን ይይዛል። ይህን ለማዘጋጀት ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ፣ ሲያሳጥር፣ እንደገና ሲጽፍ ያድራል። ጠዋት ላይ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። አንድም ቀን ከኪሱ አውጥቶት አያውቅም። ከክፍላችን ጠንክሮ የሚያጠናው እሱ መሆኑን ብንነግረው ይቀየመን ነበር።

ሞኒተራችን እቴጌ ነበረች። አስተማሪ ሲቀር ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብላ ትጽፍና ከሥር ስም ትደረድራለች። አማላጅ አትሰማም። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የመጣ ቀልድ አሳቃት። ድምፅ አውጥታ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ዞራ የራሷን ስም በአራተኛ ተራ ጻፈች። ዩኒት ሊደሩ መጥቶ አራቱን ሲያንበረክክ እሷም ተንበረከከች። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ሲረበሽ አላስታውስም።

ስለ ቦስተን ብዙ የሚባል የለም። አሜሪካ አሜሪካ ሲል ነበር የሚውለው። ያኔ ዲቪ ገና መጀመሩ ነው፤ ለመሙላት ደግሞ 12ኛን መጨረስ ይበቃል። እሱ በየዓመቱ ሞላ። የደረሳት ግን አሜሪካን በአፏ ጠርታ የማታውቅ፣ በር ሥር የምትቀመጥ ልጅ ናት። ቦስተን ዛሬም እዚሁ ነው፤ ዛሬም ቦስተን ነው።

ከኔ ፊት ትቀመጥ ስለነበረችው ደግሞ አልጽፍም። ባለቤቴ ታነባለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

1988 የዓድዋ ድል መቶኛ ዓመት ነበር። የታሪክ ቲቸራችን ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ነገር አላወራም። የካቲት 23 ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድራማ እንድናሳይ ወሰነ። ሰው ሲመደብ ጠብ ሊነሳ ነበር። አሉላ መሆን የፈለገ አሥር ልጅ። ባልቻ መሆን የፈለገ ከዚያም ይበልጣል። ሞኒተራችን ጣይቱን ሆነች፤ እቴጌ የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው። የጣሊያኑን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቴሪን የሚሆን ግን ጠፋ። ቲቸር ለመነ፣ ተቆጣ፣ ማርክ ጨምራለሁ አለ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ከጥግ አንድ እጅ ወጣ። ከገጠር መጥቶ ከሦስት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነው። ድምፁን እንኳ በደንብ አናውቀውም። ከ80 በላይ ነበርን፤ አቴንዳንስ የሚያዘው በቁጥር ነው። «ቁጥር 27» ሲባል «አቤት» ይላል፤ እሱን ነበር የምናውቀው።

«እኔ እሆናለሁ፣ ቲቸር» አለ።

በዕለቱ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ በከሰል የተሣለ ጺም አድርጎ መጣ። ቅልጥፍ ብሎ ተጫወተ። መጨረሻ ላይ ሞቅ ሲለን ተንጋግተን ያዝነውና አስረን ጣይቱ ፊት አቀረብነው። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ቲቸር ብቻ ጭንቅላቱን ይዞ ይጮሃል። «ባራቴሪ አልተማረከም! አምልጧል! የተማረከው አልቤርቶኔ ነው! ልቀቁት!» ማን ይስማው። ልጁ ታስሮ፣ ከሰሉ በላብ ወርዶ፣ በሳቅ ይንፈራፈራል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባራቴሪ ሆኖ ቀረ። ትንንሾቹ የ9ኛ ክፍል ልጆች በር ላይ ጠብቀው «ባራቴሪ!» ይሉታል። እኛም በፍቅር ነው የምንለው። እጁን አንስቶ ፈገግ ይላል። ባራቴሪ፣ ስንት ሰዓት ነው። ባራቴሪ፣ ላጲስ አለህ። ጣሊያኖች እንኳ ባራቴሪን ከዓድዋ በኋላ ለፍርድ አቅርበው በነፃ ለቀውታል። እኛ አልለቀቅነውም።

የማትሪክ ቀን ወንበራችን የተደለደለው በስም ፊደል ነበር። እርሳስ ቀርጸን፣ መታወቂያችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ተቀመጥን። ከኔ ሁለት ወንበር ኋላ ነበር። የእንግሊዝኛው ፈተና ሊጀመር ሲል የኔ እርሳስ ተሰበረ። ከኋላ በሰው በሰው አንድ ግማሽ እርሳስ መጣልኝ። ዞሬ አየሁት፤ የቀረው ግማሽ በእጁ ነበር።

ክረምቱን ውጤት ስንጠብቅ ከረምን። ሐምሌ ላይ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን አሸነፈች፤ በማግስቱ ኃይሌ 10 ሺህ ሜትሩን ደገመ። ከተማው በደስታ ሲያብድ እኛ ግማሽ ልባችን ውጤቱ ጋ ነበር። ያኔ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ሁለት ብቻ ነው፣ አዲስ አበባና ዓለማያ። ቀሪው ኮሌጅ ነው፤ እሱም ጥቂት። ሎጋሪዝም አርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ደረሰው። አጤሬራ አምቦ እርሻ ገባ። እቴጌ አልመጣላትም። ቲቲአይ ገብታ አስተማሪ ሆነች፤ አሁንም ትደውልልኛለች። ባራቴሪ ውጤቱን ሊወስድ መምጣቱን ያየ የለም።

ትናንት ሌሊት ተነሳሁና ያቺን ገጽ አወጣሁ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው «የማትረሳው ቀን» የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ «አንተን የተዋወቅኩበት ቀን» ነበር ያለው። እዚህ ላይ ግን «የካቲት 23 ቀን 1988» ይላል።

ወደ ላይ መለስ ብዬ «ቅጽል ስም» የሚለውን አየሁ።

«የለኝም።»

ጠዋት ልጄ ቁርስ ላይ «ያ ልጅ ትዝ አለህ?» አለችኝ። ትዝ እንዳለኝ ነገርኳት። «ታዲያ ማነው?» ስትለኝ፣ ስሙን እስከ አባቱ ጠራሁላት።